እህቴ፣ ካርቶኖቹን ሳትከፍቺ እንዳትጥያቸው

እህታችን፣ የምትንከባከቢያቸው ሽማግሌ ሲያርፉ ልጆቻቸው «ከፈለግሽ ውሰጂው፣ ካልሆነ ሪሳይክል ይገባል» ብለው የሰጡሽን የሞዴል አውሮፕላን መጽሔቶች ምን ላድርጋቸው ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ ውስጥ «ኢቤይ ላይ አውጪው፣ ሀብታም ትሆኛለሽ» ያለሽም፣ «አሮጌ ወረቀት ነው፣ ጣይው» ያለሽም አንድም ቀን መጽሔቱን ገልጦ ያየ አይመስለኝም። እኔ በዚህ ነገር ያበድኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ትመስክር። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

1. ከሁሉ በፊት በስምና በዓመት ለዪ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።) «ሞዴል ኤርፕሌን ኒውስ» በ1929 መታተም የጀመረ ነው። «ሬዲዮ ኮንትሮል ሞዴለር» ከ1963 እስከ 2005 ነበር፣ «ፍላይንግ ሞዴልስ» በ2014 ቆመ። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ በብዛት ስለታተሙ ነጠላ በነጠላ ብትሸጪ የፖስታው ሂሳብ ከመጽሔቱ ይበልጥብሻል። የአንድ ዓመቱን አንድ ላይ አስረሽ ሽጪ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታተመ ካገኘሽ ግን ለብቻው አስቀምጪ፣ ለማንም «ዝም ብለህ ውሰደው» እንዳትዪ። ምክንያቱን ልንገርሽ፦ እዚህ አሜሪካ ሶሳይቲ ኦፍ አንቲክ ሞዴለርስ የሚባል፣ የድሮ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አለ። ኦልድ ታይመር በሚሉት ውድድራቸው ለመግባት የአውሮፕላኑ ንድፍ ከ1943 በፊት የወጣ መሆን አለበት። ያንን የሚያረጋግጠው ደግሞ በጊዜው የታተመው መጽሔት ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ወረቀት ዛሬም ለውድድር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል ማለት ነው።

2. የመሃሉን ገጽ እዪ። ንድፉ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ አንዳንዱ ታጥፎ የገባ ትልቅ ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ የመጽሔቱ ግማሽ ነፍስ የለም። ስትሸጪ «መሃሉ አለ» ወይም «የለም» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ይሄን አጥብቄ የምነግርሽ ስለተቃጠልኩበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲሲ-3ን በአሥራ ስድስት እጅ አሳንሼ መሥራት ፈለግሁ፤ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 1.80 ሜትር ገደማ ይመጣል። ለምን ዲሲ-3 አትበይኝ። አየር መንገዳችን በ1946 ወደ ካይሮ ሲነሳ የበረረው በዚያው አውሮፕላን የወታደር ዓይነት፣ በሲ-47 ነው። ፕላን፣ ማለትም የመሥሪያ ንድፍ፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ አውተርዞን የሚባለው ድረ ገጽ በነጻ የሚሰጠው ሺህ በሺህ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ የፈለግሁት ግን የአካሉን ቁርጥ ቅርጽ ነበር፤ አፍንጫው ጋ ምን ያህል ይጠባል፣ በሩ ጋ ምን ያህል ይከብባል የሚለውን። እሱን በጥንቃቄ ስሎ ያወጣው አንድ የድሮ እትም ነው። ስካን የተደረገውን አገኘሁት፣ ግን መሃሉ ላይ የመጽሔቱ እጥፋት ንድፉን ውጦታል። ማተሚያው ደግሞ ከወረቀቱ ልክ ጋር ላስማማ ብሎ በራሱ ያሳንሰዋል። አንድ ሚሊሜትር ወረቀት ላይ ብትሳሳቺ ክንፉ ላይ ስንት እንደሚሆን አስቢው።

ስለዚህ ዋናውን እትም ከአንድ ኦንላይን ሻጭ ገዛሁ። ማስታወቂያው «ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው» ይላል። ፖስታው ሲመጣ በመጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ ክፈል ተባልኩ። ሰውየው ለመቆጠብ ብሎ ሚዲያ ሜል በሚባለው ርካሽ መላኪያ ልኮታል። ሚዲያ ሜል ለመጻሕፍት ነው፤ ማስታወቂያ ያለበት መጽሔት በዚያ አይላክም፣ ከፍተው ካዩት ልዩነቱን ያስከፍላሉ። (ይሄን አንቺም ልብ በዪ፤ ብዙ ሰው «መጽሔትም መጽሐፍ ነው» ብሎ ይልካል።) ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ስገልጠው የመሃሉ ገጽ በምላጭ ወጥቷል! ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተቆረጠ። ጻፍኩለት። ምን ብሎ ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «አንተ የገዛኸው መጽሔት ነው፣ ፕላን አልሸጥኩልህም።» ቆይቼ ሳይ ያንኑ ገጽ ለብቻው፣ ከመጽሔቱ በላይ በሆነ ዋጋ እየሸጠው ነው። እንግሊዝኛዬን እያረመ የመለሰልኝን አልነግርሽም፤ ገና አሁንም ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ያዳነኝ ክለባችን ውስጥ ያሉ ጡረተኛ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ያንኑ እትም ከመደርደሪያቸው አውጥተው ያለ ምንም ጥያቄ አዋሱኝ። እጥፋቱን ቀስ ብለን ዘርግተን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠን ፎቶ አነሳነው። ማስመሪያው ፎቶው ውስጥ ካለ ልኩ አይጠፋም። ዲሲ-3ዬ ዛሬ ጭራዋ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይዛ ትበራለች። ፈረንጆቹ «ይቺ የየትኛው አየር መንገድ ናት?» ሲሉኝ መልሱ አጭር አይሆንም።

3. «ሁሉም ስካን ተደርጓል» የሚልሽን አትስሚ። አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ልለግሳቸው ብዬ ትርፍ እትሞች ይዤ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴት ሽፋኑን እንኳ ሳታይ «ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ሪሳይክሉ በስተጀርባ ነው» አለችኝ። ስካኑ ላይ የሚቀረውን ልንገርሽ። አንዳንዱ ንድፉን ብቻ ነው ያወጣው፤ ሚዛኑ ክንፉ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ባልሳ (አውሮፕላኑ የሚሠራበት ቀላል እንጨት) ለስላሳ የትኛው ጠንካራ ይሁን የሚለው ያለው ጽሑፉ ውስጥ ነው። ማስታወቂያዎቹም ቢሆኑ ትርፍ አይደሉም። የድሮ ሞተር ስንት ይመዝናል፣ ምን ዓይነት ፕሮፔለር ይወስዳል የሚለውን አሁን የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ ግን ተጽፏል። እንዲያውም ከካርቶኑ ሥር አውራ ጣት የምታህል ኮክስ 049 የምትባል ሞተር ብታገኚ አትጣያት፣ ገዢ አላት። የነዳጅ ወይም የቀለም ጣሳ ካለ ግን ወደ ተራ ቆሻሻ አይጣልም፤ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ አለ።

ልጅ አለኝ ብለሽ ነበር መሰለኝ? ከሆነ ሁሉንም አትሽጪ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ በሬዲዮ የሚበር ነገር ከቤት ውጭ ማስነሳት አይቻልም፤ ዋሽንግተን ካለው ከሬገን ኤርፖርት በ15 ማይል ውስጥ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። እኔም የማበረው ርቄ ሄጄ ነው። ጂም ውስጥ ግን የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን) ሕግ አይደርስም። የድሮዎቹ መጽሔቶች ደግሞ በላስቲክ የሚዞሩ፣ ክንፋቸው ከ13 ኢንች የማይበልጥ፣ ፒነት የሚሏቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ሞልተውባቸዋል። ባልሳ፣ ስስ ወረቀት፣ ማጣበቂያ፣ አለቀ። የኔ ልጅ አይፓዱን ትታ ክንፍ ስትለጥፍ ያመሸችበትን ቀን በገንዘብ አልለውጠውም።

ቁጥሩን ትቼው ወሬ ገባሁ፣ ይቅርታ። አቀማመጡን ቶሎ ልጨርስ፦ ቤዝመንት ወለል ላይ አይሁኑ፣ እርጥበት ይገድላቸዋል። ሻጋታ የሸተተውን ከሌላው ለዪው። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፊ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ካርቶኑን ጢም አድርገሽ አትሙዪው፣ ወገብሽን ነው የምትጎጂው። መለገስ ከፈለግሽ ማንሲ፣ ኢንዲያና ያለው የሞዴል አቪዬሽን ሙዚየም የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው። ያላቸውን እትም ደግመው ላይፈልጉት ስለሚችሉ ዝርዝሩን አስቀድመሽ ላኪላቸው።

«ሁሉንም በጅምላ ልውሰድልሽ» የሚል ነጋዴ ከመጣ ደግሞ ሽፋኖቹን አገላብጦ የ1930ዎቹን ብቻ መርጦ እንዳይሄድ። ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም።

አሁን ሽፋኖቹን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊ፤ የትኛውን ማስቀረት እንዳለብሽ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ። ከ1943 በፊት የሆነ ካለ ለሌላ ሰው ከመስጠትሽ በፊት ለእኔ ደውዪ፣ ተገቢውን ዋጋ እከፍላለሁ። የሚሸከምልሽ ከጠፋም ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ።