ካላየሁ የከዳኋቸው ይመስለኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ማታ ልተኛ ስል፣ የማውቀው ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ሰዎች በጭካኔ ሲገደሉ ያሳያል። እስከ መጨረሻው አየሁት። ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ድምፁ ይመጣብኛል። የሚገርመው፣ ሌላ ሲላክልኝም ከፍቼ አያለሁ። ካላየሁ የከዳኋቸው ይመስለኛል። ጓደኞቼም «እነሱ ሞተው አንቺ ማየት አቃተሽ?» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ እምነትሽ ስለላላ ነው፣ ጠበል ግቢ ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያንስ የሰማዕታትን መከራ በሥዕል ታሳየን የለ? ልዩነቱ ምንድን ነው? ኃጢአትስ ሆኖብኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጸሎትና ስለ ስግደት አልነግርሽም፤ እንደምታውቂው ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። እኔን የያዘኝ «ካላየሁ የከዳኋቸው ይመስለኛል» ያልሽው ቃል ነው። ከብዙ ወጣት ሰምቼዋለሁ። ከአገልጋዮችም ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ እኔም ብዬዋለሁ።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ዳግም ትንሣኤ ነበር። አይሲስ የተባለው ታጣቂ ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያንን ሲገድል የቀረጸው ቪዲዮ የወጣው በዚያ ዕለት ነው። ወንድሞቻችን በክርስትናቸው ምክንያት ከፊሎቹ በባሕር ዳርቻ ታረዱ፣ ከፊሎቹ በበረሃ በጥይት ተገደሉ። ያኔ ደብረ ሲና ነበርኩ። ከጣርማ በር የወረደው ጉም ደጁን ሁሉ ሸፍኖት እንደነበር ትዝ ይለኛል። አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ሰማዕታት ናቸው፣ ማየት አለብን» ተባባልን። ሰባት ስምንት ሆነን በአንዲት ስልክ ላይ ተደፋን። ልጁ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ስልኩን ተቀብዬ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ገዳዮቹ ፊታቸውን ሸፍነዋል። የሟቾቹ ፊት ግልጥ ነው። ታዲያ እስከ ዛሬ የአንዱን ሰማዕት ፊት እንኳ ማስታወስ አልችልም። ትዝ የሚለኝ ጥቁሩ ጭንብል ነው። የተናጋሪው ድምፅ ነው። ላከብራቸው ብዬ አይቼ፣ ይዤው የተመለስኩት ገዳዮቻቸውን ሆነ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ቂርቆስ የነበረውን ለቅሶ በቴሌቪዥን አየሁ። ቤተሰቦቻቸው ፎቶ ይዘው ነበር የሚያለቅሱት። በሕይወት ሳሉ የተነሡትን ፎቶ። ቪዲዮው በሁሉም ስልክ ላይ አለ፣ እነሱ ግን ደረታቸው ላይ የለጠፉት ያንን የደህና ቀን ፊት ነው። የእኛን ስህተት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሟቹን የሚያውቀው ሰው በሕይወት የነበረውን ልጅ ያለቅሳል። እኛ ደግሞ ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ አሟሟቱን አጠናን።

እስቲ አስቢው። ያን ቪዲዮ ማን ቀረጸው? ገዳዩ ነው፣ ወይም የገዳዩ ጓደኛ። የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚያነጣጥር፣ መቼ ቀረብ እንደሚል የወሰነው እሱ ነው። አንቺ ስትከፍቺው እሱ በቆመበት ቆመሽ ነው የምታዪው። ለሟቹ አዝነሽ ገብተሽ በገዳዩ ዓይን አይተሽ ትወጫለሽ። ነፍስሽ የታወከችው ስለዚህ ይመስለኛል። ቦታው የአንቺ አይደለም።

ስለ ሥዕሉ የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ የግድግዳውን ሥዕል ልብ ብለሽ እይ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ሲስሉ ፊታቸውን ወደ እኛ ያዞሩታል፣ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎችን ግን በጎን ይስሏቸዋል፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ወታደሩ ጦር ይዞ አለ፣ አልተደበቀም፣ ክፋቱም አልተካደም። ግን ዓይን ለዓይን አያጋጥሙሽም። የምትገጣጠሚው ከሰማዕቱ ጋር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በመከራው ውስጥ ሆኖ ያይሻል፣ አንቺም ታይዋለሽ። ስትወጪ ይዘሽ የምትሄጂው የእሱን ፊት ነው። ሥዕሉን የሳለው የሚወደው ሰው ነው። ቪዲዮውን የቀረጸው የሚጠላው ሰው ነው። ስለ አንድ መከራ ሁለቱም ሊናገሩ ይችላሉ፤ ልብሽ ላይ የሚያስቀምጡት ግን የተለያየ ነው።

ያ ዕለት ዳግም ትንሣኤ ነበር ብዬሻለሁ። የዚያን ዕለት የሚነበበው የቶማስ ታሪክ ነው። ጌታ ቁስሉን አሳየው፣ «እጅህን አምጣ» አለው። አየሽ፣ ቁስሉን ያሳየው የቁስሉ ባለቤት ራሱ ነው። ለሚወደው ሰው፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን ካለ በኋላ፣ ሊያድነው ብሎ አሳየው። አንቺ ባየሽው ቪዲዮ የተገደሉት ግን ያን አሳዩልን አላሉም። ማንም አልጠየቃቸውም።

አሁን ወደ እምነትሽ ልምጣ። እናትሽን አክብሪ፣ ግን በዚህ ተሳስተዋል። የሰው ልጅ እንደ በግ ሲታረድ አይቶ ደህና እንቅልፍ የሚተኛ ሰው ቢኖር፣ እኔ ይበልጥ የምፈራለት ለሱ ነው። ጴጥሮስ በሁለተኛ መልእክቱ፣ በምዕራፍ 2 ቁጥር 8፣ ሎጥ በሰዶም ሲኖር እያየና እየሰማ ዕለት ዕለት ነፍሱን ያስጨንቅ እንደነበር ጽፏል። እዚያው ላይ ጻድቅ ብሎ ይጠራዋል። ጭንቀቱን ከጽድቁ ጋር በአንድ መስመር ነው የጻፈው።

ደግሞም ሰውነታችን የተሠራው እንዲህ ነው። አንድ ሐኪም ወንድማችን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሲያስረዳ የሰማሁትን ልንገርሽ። በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በማራቶን ውድድር ላይ ቦምብ ፈነዳ። ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ሰዉን ጠየቁ። በፍንዳታው ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ወሬውንና ምስሉን ሲከታተሉ የሰነበቱት፣ ቦታው ላይ ከነበሩት ሰዎች የበለጠ ጭንቀት ታይቶባቸዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ ለከሰሱት ሠራተኞች 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የእነዚህ ሰዎች ሥራ፣ ሌላው እንዳያይ ክፉ ክፉውን ቪዲዮ እያዩ ማጥፋት ነበር። በስክሪን ብቻ እያዩ አእምሯቸው ታወከ። ደሞዝ የሚከፈላቸው፣ ሥራችን ነው ብለው የሚቀመጡ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ አንቺ በእኩለ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ ብትታመሚ ምን ይደንቃል?

እኛ ሀገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ማታ አይነገርም፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጠና ያሉ ሰዎች ቀድመው ይገባሉ። ከግራና ከቀኝ የሚይዛት ሰው ይቆማል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ጭራሽ እስክትገላገል ይቆያል። ወላጆቻችን የሰው ልብ ሞትን ለብቻው መስማት እንደማይችል ያውቁ ነበር። አንቺ ግን የስንት ሰው መርዶ በአንድ ማታ ሰማሽ? ያውም ከነአሟሟቱ። የሚይዝሽ ሰው አልነበረም፣ አልቅሶ የሚያላቅስሽም አልነበረም። ጠዋት ተነሥተሽ ፊትሽን ታጥበሽ ወጣሽ። ያላለቀሽው ለቅሶ ነው ቅዳሴ ላይ የሚመጣብሽ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማየትሽ ቁስል ነው፣ ኃጢአት ብዬ አልጠራውም። ደጋግሞ መክፈቱን ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቁስልን በየማታው መነካካት ነው፣ ልማድም ይሆናል። ዛሬ የዘገነነሽ ከስድስት ወር በኋላ እንደ ተራ ነገር ያልፍሻል፤ እኔ የምፈራልሽ ያን ቀን ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 33 ከእግዚአብሔር ጋር ማን ሊኖር ይችላል ብሎ ሲጠይቅ፣ ከመልሱ አንዱ ደም ማፍሰስን ላለመስማት ጆሮውን የሚደፍን፣ ክፋትን ላለማየት ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው ይላል። ዓይን መጨፈን ሁልጊዜ ፍርሃት አይደለም።

«ታዲያ ዝም ብዬ ልቀመጥ?» ትይ ይሆናል። አትቀመጪ። መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21 ላይ ሪጽፋ የምትባል እናት አለች። ሁለት ልጆቿ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ተሰቅለው ተገደሉ። ማቅ ወስዳ በድንጋዩ ላይ አነጠፈች። ከመከር መጀመሪያ ዝናብ እስኪወርድ ድረስ ቀን ወፍ፣ ሌሊት አውሬ እንዳይነካቸው እየጠበቀች ተቀመጠች። እሷ አይታለች፣ ከማናችንም በላይ አይታለች። ግን የተቀመጠችው ልትጠብቃቸው ነው። ንጉሡ ይህን ሲሰማ አፅማቸውን ሰብስቦ በክብር አስቀበረ።

በከተማችን ካሉት የተፈናቃይ መጠለያዎች ወደ አንዱ የሚመላለሱ አንዲት እናት በአጥቢያችን አሉ። ስልካቸው ያቺ ቁልፏን የሚጫኗት ትንሿ ናት፣ ቪዲዮ አታወጣም። ባሏን ያጣች ሴት አለች ሲባል ሰምተው ንፍሮ ቀቀሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። በኋላ ያቺን ሴት አግኝቻት ምን አለችኝ መሰለሽ? «አባ፣ የመጣው ሰው ሁሉ ምን እንዳደረጉት ነው የሚጠይቀኝ። እሳቸው ግን ስሙን ጠየቁኝ።» እኚህ እናት የክርስትና ስሙን በልባቸው ይዘው መጥተው በጸሎት እንዲታሰብ ነገሩኝ። እኔም ቪዲዮ አይቻለሁ፣ ስለ እልቂቱም ሰብኬያለሁ። የአንድ ሰው ስም ግን ይዤ መጥቼ አላውቅም ነበር።

ልጄ፣ ከቤትሽ እስከ መጠለያው በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? ሂጂ። ባዶ እጅሽንም ቢሆን ሂጂ።

አሁን ጠንከር ብዬ የምናገረው አለ፣ ለሌሎቹም ይድረስ። ቪዲዮውን ለማንም እንዳትልኪ። «ሰው ይወቅ ብዬ ነው» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ካም የአባቱን ዕርቃን አየና ወጥቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ልብስ ይዘው፣ የኋሊት እየሄዱ፣ ሳያዩ ሸፈኑት። ሟችን መሸፈን ቤተ ክርስቲያን ሟችን ስትገንዝ የምታስተምረን ነው። እኛ ደግሞ የገነዘችውን በአንድ ጣት እንገልጠዋለን፣ በ500 ሰው ግሩፕ መካከል። እናቱ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ብትኖርስ? ቪዲዮው ማስረጃ ነው ካልሽ፣ ለሚመረምር አካል ይሰጥ። የሚመረምር፣ የሚፈርድ ሰው ማየት አለበት፣ ሥራው ነው። የጎረቤትሽ የ14 ዓመት ልጅ ግን ዳኛ አይደለም።

ስልክሽ ላይ ደግሞ ዛሬውኑ የምታደርጊው አለ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርጊው፣ ፌስቡክም በራሱ መጫወቱን ታቆሚዋለሽ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ የሚላክበት ግሩፕ ውስጥ ካለሽ ውጪለት። ጋለሪሽ ውስጥ የተቀመጠ ካለ አጥፊው። ስልኩ ማታ ከመኝታ ክፍልሽ ውጭ ይደር። ዜናውን መስማት ካለብሽ በቀን፣ በሬዲዮ ስሚ፣ ወይም አንብቢ።

ጠበሉን ግቢ። ሸንኮራ ዮሐንስም ብትሄጂ ደስ ይለኛል፣ በረከት ነው። ግን ጋኔን ይዞኛል ብለሽ አትሂጂ፣ ያዘነች ልጅ ሆነሽ ሂጂ። እንቅልፍ ካጣሽ ሁለት ወር ሆኗል ብለሽኛል። ይህ ከወር ካለፈ ሐኪም ማየት አለበት። ሆስፒታል ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቂ። አታፍሪ። ሐኪሙንም ጠበሉንም የፈጠረው አንዱ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። መድኃኒት ካዘዘልሽ ለጠበል ብለሽ እንዳታቋርጪው፣ ይህንንም ለእናትሽ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ድምፁ ቅዳሴ ላይ ሲመጣብሽ አትታገዪው፣ ከቤተ ክርስቲያንም አትውጪ። በዚያች ቅጽበት «አቤቱ፣ ነፍሳቸውን ማርልኝ» በይ። ስማቸውን ባታውቂም እሱ ያውቃቸዋል። እንባ ከመጣ ይምጣ። ነጠላሽን ሸፈን አድርጊና አልቅሺ፣ ማንም ምን ሆነች አይልሽም። ለቅሶው ያኔ ነው ቦታውን የሚያገኘው።

ስለ ላከልሽ ልጅ ክፉ አልጻፍሽም፣ በዚህ ደስ ብሎኛል። እሱም እንዳንቺ ማታ ለብቻው ከፍቶት ይሆናል። መሸከም አቅቶት፣ የሚያላቅሰው ሰው ፈልጎ፣ ስምሽን ነክቶ ላከው ይሆናል። ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ስትመጪ እሱንም ይዘሽው ነይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።