ድመቴን ማን አስተማራት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ድመቴን ያገኘኋት ገና አይኗን ሳትገልጥ ነው፣ በጡጦ እያጠባሁ አሳደግኳት፣ ሌላ ድመት አይታ አታውቅም። ትንሽ ከፍ ስትል አሸዋ ባቀርብላት ጫር ጫር አድርጋ ተፀዳዳችና መልሳ ቀበረችው! ማን አሳያት? የእናቷ ትዝታ በዘር ተላልፎላት ይሆን? እንደዛ ከሆነ እኛስ የአያቶቻችንን ትዝታ እንወርሳለን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ድመትዎ እናቷን አስታውሳ አይደለም። ከእናቷ የወረሰችው ጂን ነው፣ ማለትም ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር በዘር የሚተላለፍ መመሪያ፣ ጂኑ አንጎሏን ሲሠራው ልል አፈር ስትነካ እንድትጭር አድርጎ ሠራው፣ በደመነፍስ የምንለው እሱን ነው። ትዝታ ግን ሌላ ነገር ነው፣ አንድ ነገር ስንማር በነርቭ ሴሎች መሀል ያለው ግንኙነት ይቀየራል፣ ለውጡም እዛው አንጎል ውስጥ ይቀራል። ደግሞስ የት ይጻፋል? ጂኖቻችን የተጻፉበት ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው ያለው፣ አንጎላችን ግን ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴል አለው፣ እያንዳንዱ ሴል ደግሞ ከብዙ ሺህ ሌሎች ጋር ሊገናኝ ይችላል፣ ያ ሁሉ ግንኙነት በዛ ፊደል ተጽፎ አያልቅም።

እኔ በጣም የምወደው ማስረጃ የወፎቹ ነው። ብላክካፕ የሚባሉ ትናንሽ ወፎች አሉ፣ ጀርመን ያሉት ብርዱ ሲመጣ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሰደዳሉ፣ የምስራቅ ኦስትሪያዎቹ ወደ ደቡብ ምስራቅ፣ ታዲያ አንድሪያስ ሄልቢግ የሚባል ተመራማሪ ሁለቱን አዳቀላቸውና በ1991 ውጤቱን አሳተመ፣ ጫጩቶቹ የያዙት አቅጣጫ መሀል ለመሀል፣ ወደ ደቡብ ሆነ! እስቲ አስቡት፣ ትዝታ ቢሆን የእናት ወይ የአባት መንገድ ነበር የሚሆነው፣ በመሀል ግን ማንም ወላጅ ሄዶ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። በ2013 አሜሪካ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዲያስና ሬስለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ወንድ አይጦችን አሴቶፌኖን የሚባል ሽታ እያስሸተቱ በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው፣ ከዛ ሽታውን አሽተው የማያውቁት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ለዛ ሽታ ከሌሎች አይጦች የበለጠ ደንገጥ አሉ። የሚገርም ነው፣ እኔም ስሰማው ደንግጫለሁ። ቢሆንም የስታቲስቲክሱን ስሌት የተቹ አሉ፣ መልእክቱ ከአፍንጫ ወደ ዘር ሴል እንዴት እንደሚደርስም እስካሁን ግልጽ አይደለም፣ ደግሞም እውነት ቢሆን እንኳን የተላለፈው ለሽታው ንቁ መሆን ነው እንጂ አያትየው የተነዘረበት ቀን አይደለም።

ስለ እኛ ለጠየቁት፣ የአያትዎ ትዝታ የሚደርስዎት ሲነግሩዎት ብቻ ነው። ግን ለመማር ዝግጁ መሆን ይወረሳል። በላብራቶሪ ያደጉ ጦጣዎች እባብ አይፈሩም ነበር፣ ሌላ ጦጣ እባብ አይቶ ሲርበተበት በቪዲዮ ሲያዩ ግን መፍራት ጀመሩ፣ ቪዲዮው ተቆርጦ ተቀጥሎ ያው ጦጣ አበባ የፈራ ሲመስል ደግሞ አበባ መፍራት አልተማሩም።

የእርስዎ ድመትም አይጥ ብታይ ትዘልባት ይሆናል፣ መግደሉን ግን ግልገሎች ቶሎ የሚማሩት እናታቸው አይጥ እያመጣች ስታለማምዳቸው ነው።