የጌም ቦይ ከለር ስክሪን ማታ ስለጨለመ ተበላሽቷል ማለት አይደለም

ሰላም ወንድሜ፤ ከአሜሪካ የተላከልዎት ያገለገለ ጌም ቦይ ከለር (በእጅ የሚያዝ የኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያ) ቀን ላይ ደህና እየሠራ ማታ ሳሎን ውስጥ ምስሉ እንደማይታይ፣ የብርሃን ማስተካከያም ፈልገው እንዳጡ፣ በዚያ ላይ ልጅዎ ያስቀመጠው ጨዋታ መሣሪያው ሲዘጋ አብሮ እንደሚጠፋ ገልጸው ስክሪኑን ላስቀይረው ወይ ብለው ጠይቀዋል። እነዚህን መሣሪያዎች ለረጅም ጊዜ ስጫወትባቸውና ስጠግናቸው ስለኖርኩ፣ ከጻፉት ተነሥቼ ስክሪኑ ጤነኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጌም ቦይ ከለር ከመጀመሪያውም የራሱ መብራት የለውም። ስክሪኑ ከውጭ የሚያገኘውን ብርሃን መልሶ በማንጸባረቅ ቀለሙን ስለሚያሳይ፣ ክፍሉ ሲጨልም እሱም ይጨልማል፤ በጎኑ ያለው መዘውርም የድምፅ ብቻ ነው። ይህ በቸልተኝነት የቀረ ነገር አልነበረም። ኒንቴንዶ መሣሪያውን በ1998 እ.ኤ.አ. ከማውጣቱ በፊት ተፎካካሪዎቹ አታሪ በ1989 ሊንክስን፣ ሴጋም በ1990 ጌም ጊርን ከጀርባ በሚበራ ባለቀለም ስክሪን አቅርበው ነበር፤ ሆኖም ሁለቱም ስድስት ስድስት የባትሪ ድንጋይ እየበሉ የሚሠሩት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ጌም ቦይ ከለር ግን በሁለት ድንጋይ 10 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። የመጀመሪያውን ጌም ቦይ ሥራ የመሩት ጉንፔ ዮኮይ ከአዲስና ውድ ቴክኖሎጂ ይልቅ የረከሰውንና ተፈትኖ የታወቀውን በአዲስ መንገድ መጠቀምን ይመርጡ ነበር፤ ይህ መሣሪያም በዚያው መንገድ የሄደ ነው። ድንጋይ መግዛት ለከበደው ቤተሰብ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለማረጋገጥ በቀን መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ብርሃኑ ከትከሻዎ በላይ እንዲመጣ ያድርጉና ይመልከቱ። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ፣ የጎደለ መስመር ወይም እንደ ቀለም ጠብታ የተሰራጨ ጥቁር ነገር ከሌለ፣ ስክሪኑን አይንኩት። ከላዩ ያለው ፕላስቲክ ተጫጭሮ ከሆነ ግን እሱ ለብቻው የሚቀየር ርካሽ ዕቃ ነው፤ መቀየሩም ከሚጠበቀው በላይ ለውጥ ያመጣል። ማታ ደግሞ የጠረጴዛ መብራት ከጎን አዘንብሎ ቢበራ ነጸብራቁ ዓይን ሳይወጋ ምስሉ ይታያል። ልጅዎ የሚጫወተው ለቀድሞው ባለአንድ ቀለም ጌም ቦይ የተሠራ ጨዋታ ከሆነ፣ የኒንቴንዶ ስም በሚታይበት ጊዜ የአቅጣጫ ቁልፉን ለብቻው ወይም ከኤ አለዚያም ከቢ ቁልፍ ጋር በመጫን ከ12 የቀለም ቅንብሮች አንዱን መምረጥ ይቻላል። ግራን ከቢ ጋር ሲጫኑ የሚመጣው ጥቁርና ነጭ፣ በእኔ ዓይን፣ በደካማ ብርሃን ከሁሉም የተሻለ ይነበባል።

ከጀርባ የሚበራ ስክሪን ማስገባት ይቻላል፤ ሌሎች አምራቾች ይሸጡታል። ነገር ግን ብሎኖቹ ባለሦስት ክንፍ ስለሆኑ በተለመደው ካቻቪቴ አይፈቱም፣ አንዳንዱ ስክሪን ሽፋኑን ከውስጥ መቁረጥ ይጠይቃል፣ የድንጋይ ፍጆታውም ይጨምራል። በተለይ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት የሆነውን ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ከተጠቀሙ የማለቅ ምልክቱ ቶሎ ይመጣል። የልጁ ጊዜ ማታ ብቻ ከሆነ ይህን ደህና ዕቃ ከመቁረጥ ይልቅ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ቢፈልጉ ይሻላል፤ የራሱ መብራትና ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለው፣ የጌም ቦይ ከለር ካሴቶችንም (ጨዋታው ያለባቸውን ተሰኪ ዕቃዎች) ያጫውታል።

የተቀመጠው ጨዋታ መጥፋት ከስክሪኑ ጋር ግንኙነት የለውም። በብዙ ካሴቶች ውስጥ የተቀመጠውን የምትጠብቅ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከሆናት ማለቋ የሚጠበቅ ነው። በሌላ ካሴት ሞክረው ችግሩ በዚያ ካልታየ ምክንያቱ እርሷ መሆኗን ይወቁ። በቦርዱ ላይ የተበየደች ስለሆነች ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይስጡት፤ በፕላስተር ማጣበቅ ግን አያስተማምንም። አዲሷን ሲገዙ ከፋብሪካ የብረት ጆሮ የተበየደላትን ይምረጡ፤ ጆሮ በሌላት ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ ሊያፈነዳት የሚችል ሙቀት ያደርስባታልና።