ሌንስ ከመግዛትህ በፊት የምትቆምበትን ቦታ ፈልግ

በቅርቡ ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው። አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የሚካሄዱ ውድድሮችን ፎቶ ማንሳት። ስለዚህ የዚህን ሳምንት አምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ውስጥ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኒኮን ዲ5600 ካሜራ አለኝ፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ነው። የኮሌጃችንን ጨዋታዎች ማንሳት እፈልጋለሁ። ግን ሜዳ ዳር የማያቸው ሰዎች የያዙት ሌንስ ትልቅነቱ ተስፋ ያስቆርጣል። 800 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ካሜራ ልቀይር ወይስ ሌንስ ልግዛ? ሜዳው ዳርስ እንዴት ነው የሚገባው?

መልስ፦ ካሜራውን አትቀይር። ገንዘቡን ሌንስ ላይ አውለው፤ እሱንም ሁሉንም አይደለም።

ዲ5600 በሴኮንድ 5 ፎቶ ያነሳል። ዛሬ በሴኮንድ 20 እና 30 የሚያነሱ ካሜራዎች ስላሉ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጨዋታውን ለሚያውቅ ሰው 5 ፎቶ ይበቃዋል። የሚያስቸግርህ ሌንሱ ነው። 18-55ቱን ወደ 55 ሚሊሜትር (ሚሜ) ስታስረዝመው፣ ማለትም በጣም ወደሚያቀርብበት ስታደርሰው፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ከኤፍ/5.6 በላይ አይከፈትም፤ ከኤፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የሚሮጥ ሰው ብዥ ሳይል እንዲወጣልህ ደግሞ ሹተር ስፒድህ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ቢያንስ 1/500፣ ቢቻል 1/1000 ሴኮንድ መሆን አለበት። ጂም (የቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሽ) ውስጥ በዚህ ፍጥነትና በኤፍ/5.6 ብታነሳ የምታገኘው ጨለማ ነው። 85 ሚሜ ኤፍ/1.8 ሌንስ ብትገጥም ግን ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይገባልሃል። ያገለገለው በ300 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ 85ቱ እንደ 127 ሚሜ አቅርቦ ነው የሚያሳይህ፤ ከቅርጫቱ ስር ከመስመሩ ጀርባ ቁጭ ብለህ ቅርጫት ኳስ ለማንሳት ልክህ ነው።

ስትገዛ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የሚል መኖሩን እይ፤ ፎከሱን የሚያዞር የራሱ ሞተር አለው ማለት ነው። ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የድሮ የኒኮን ሌንሶች ርካሽና ጠንካራ ናቸው፤ በተለይ 80-200 ኤፍ/2.8ቱ ዋጋው ያጓጓል። ግን ፎከሱን የሚያዞርላቸው ሞተር ካሜራው ውስጥ መኖር አለበት፤ ዲ5600 ደግሞ ይሄ ሞተር የለውም። ብዙ ጀማሪ ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ ሌንሱን በእጁ እያዞረ ይቸገራል። ያገለገለ ዕቃ የምትገዛ ከሆነ እንደ ኤምፒቢ እና ኬኢኤች ካሉ ዋስትና ከሚሰጡ ሻጮች ብትገዛ ይሻላል። ፓርኪንግ ውስጥ ከማታውቀው ሰው ጋር ተገናኝተህ ከመክፈል ጥቂት ዶላር መጨመር አይከፋም።

የቀረውን 500 ዶላር ለጊዜው አስቀምጠው። ከቤት ውጪ የሚደረጉ ጨዋታዎችን እያነሳህ ስትቆይ 70-200 ኤፍ/2.8 እንደሚያስፈልግህ ራስህ ታየዋለህ። ያን ጊዜ የራሱ ሞተር ያለው ያገለገለ የሲግማ ወይም የታምሮን ሌንስ ፈልግ። ለአንድ የስፖርት ፎቶ አንሺ አንድ ብቻ ሌንስ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው።

ስለ እነዚያ ትልልቅ ሌንሶች ደግሞ አትጨነቅ። 400 ሚሜ ኤፍ/2.8 አዲሱ 12,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፤ ከያዙት ሰዎች ብዙዎቹም የገዛላቸው መሥሪያ ቤታቸው ነው። ያንን ሁሉ ገንዘብ የሚያስወጣቸው ርቀቱ ነው። 70,000 ሰው በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ከተመደበልህ ጥግ ተነስተህ ማዶ ያለውን ተጫዋች ለማምጣት ሌላ መንገድ የለም። አንተ ግን መጠጋት ከቻልክ በ300 ዶላር ሌንስ ያንኑ ፊት፣ ያንኑ ላብ ታነሳለህ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄህ የመጨረሻው ነው፤ እንዴት ነው የሚገባው ያልከው።

ኤንሲኤኤ በሚባለው ማኅበር ስር 1,100 ያህል ኮሌጆች አሉ፤ በሦስት ዲቪዚዮን ተከፍለዋል። ቴሌቪዥን ላይ የምታያቸው ከዲቪዚዮን 1 ጥቂቶቹን ነው። ዲቪዚዮን 3 ላይ ግን ለስፖርት ብሎ ስኮላርሺፕ የሚሰጥ የለም፤ ልጆቹ ስለሚወዱት ነው የሚጫወቱት፣ ጨዋታቸውንም ፎቶ የሚያነሳ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። የሁለት ዓመት ኮሌጆችም ኤንጄሲኤኤ የሚባል የራሳቸው ማኅበር አላቸው። እዚያው ሜሪላንድ ብዙ የእኛ ልጆች የሚማሩበት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እንኳ በዚህ ውስጥ ይወዳደራል። ማክሰኞ ከሰዓት የሴቶች እግር ኳስ ጨዋታ ላይ ሂድ። ሃምሳ ተመልካች ብታገኝ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።

ሁለት በር አለህ። አንዱ የተማሪዎች ጋዜጣ ነው። አዘጋጁን አግኝና ሌላው የማይፈልገውን ጨዋታ እኔ ልሸፍን በለው፤ መረብ ኳስ፣ ትግል፣ ዋና። ሁለተኛው የአትሌቲክስ ክፍሉ የኮሚዩኒኬሽን ቢሮ ነው፤ ስለ ቡድኖቹ ዜና የሚያወጡትና ለፎቶ አንሺዎች የመግቢያ ባጅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አጭር ኢሜይል ጻፍ። ማን እንደሆንክ፣ የትኛውን ጨዋታ በየትኛው ቀን ማንሳት እንደምትፈልግ፣ ፎቶውን ለማን እንደምታደርሰው። አሥር የሚሆን ጥሩ ፎቶ አያይዝ፤ ከተመልካች ወንበር የተነሳም ቢሆን ችግር የለውም። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ሳይሆን ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብለህ ላክ።

ከገባህ በኋላ ቶሎ የሚለየው ሥነ ምግባርህ ነው። ባጅ አንገትህ ላይ እያለ ለቡድንህ አትጩህ፣ አታጨብጭብ፤ ይሄ በሁሉም ቦታ የታወቀ ደንብ ነው። ፍላሽ ከመጠቀምህ በፊት ጠይቅ። ዳኛና አሰልጣኝ በሚመላለሱበት መስመር ላይ አትቁም። እግር ኳስ ከሆነ ከጎሉ ጎን ከመጨረሻው መስመር ጀርባ ተቀመጥ፤ አጥቂዎቹ ፊታቸውን ወደ አንተ አድርገው ይመጣሉ። ማዶ ያለውን ጎል ተወው፣ አይደርስም፤ በረጅም ርቀት የተነሳ ጉንዳን የሚያህል ተጫዋች ማንም አያይልህም። ካሜራህን ኤኤፍ-ሲ ላይ አድርገው፣ ፎከሱ የሚሮጠውን ሰው እየተከተለ እንዲሄድ። ደግሞ ፊሽካ ተነፋ ብለህ ካሜራውን አታውርድ፤ ጎል ያገባችው ልጅ ወዴት እንደምትሮጥ፣ የሳተችው እንዴት እንደምትንበረከክ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ጨዋታው ሳይጀመር የሁለቱን ቡድን ስም ዝርዝር ከነማሊያ ቁጥሩ ያዝ። ስም የሌለው ፎቶ ለጋዜጣ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቨርጂኒያ ነው የምማረው። ካነን አር7 ገዝቼ የኮሌጃችንን ቅርጫት ኳስ አነሳለሁ። በተከታታይ ከማነሳቸው ፎቶዎች አንዱ ቢጫ፣ የሚቀጥለው ሰማያዊ እየሆነ ተቸገርኩ። አንዳንዴ ኳሱም እንቁላል ይመስላል። ከዚህ በላይ የሚያበሳጨኝ ደግሞ ነጭ ማሊያ የለበሱ ጥቁር ልጆች ፊታቸው ጨልሞ ይወጣል። ካሜራው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ እህቴ፣ ካሜራሽ ጥሩ ነው፤ ማስተካከያው ላይ ነው ነገሩ።

ኳሱ እንቁላል የሚመስለው በኤሌክትሮኒክ ሹተር ስለምታነሺ ነው። አር7 በእሱ በሴኮንድ 30 ፎቶ ያነሳልሻል፤ ነገር ግን ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር እያነበበ ስለሚሄድ አንብቦ ሳይጨርስ ኳሱ ቦታውን ይለቃል። ወደ ሜካኒካል ሹተር ቀይሪው። 15 ፎቶ በሴኮንድ ይሆናል፤ እሱም ከበቂ በላይ ነው።

የቀለሙ መለዋወጥ ከመብራቱ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የጂም አምፖሎች በሴኮንድ 120 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያየውም። 1/1000 ላይ ያለ ካሜራ ግን አንዴ ደምቀው፣ አንዴ ፈዘው ያገኛቸዋል። ሜኑው ውስጥ አንቲ ፍሊከር የሚል አለ፤ አብሪው። ካሜራው መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት እየጠበቀ ያነሳል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ቀለሙ ግን አንድ ዓይነት ይሆንልሻል።

ወደ ፊቱ ጉዳይ ልምጣ። ይሄን ጥያቄ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነገር ነው። ካሜራ ብርሃን የሚለካው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው። ነጭ ማሊያና የሚያብረቀርቅ የእንጨት ወለል ሲያይ በጣም በራብኝ ብሎ ያጨልመዋል፤ የሚከፍለው ደግሞ የልጁ ፊት ነው። ስለዚህ አውቶማቲኩን ተይውና ወደ ማኑዋል ግቢ። ሲያሟሙቁ ጥቂት ፎቶ አንሺና የቡድኑን ጠቆር ያለ ልጅ ፊት እይ፤ ዓይኑ፣ ጉንጩ፣ ላቡ በደንብ እስኪታይ ብርሃኑን ጨምሪ። ማሊያው ወደ ነጭነት ይጠጋል፤ ክሩና ስፌቱ እስካልጠፋ ድረስ ችግር የለም። ጂም ውስጥ መብራቱ ስለማይቀየር አንዴ ያገኘሽው ልክ ጨዋታው እስኪያልቅ ያገለግልሻል። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 ደረሰ ብለሽ አትፍሪ። አጨልመሽ አንስተሽ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያበራሽው ፊት የበለጠ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ቀለሙም አመድማ ይሆናል። በጥሬው ፎርማት፣ በሮው፣ አንሺ። ያ ልጅ ፎቶውን ለእናቱ ሲልክ ፊቱ በደንብ መታየት አለበት፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮሌጅ ገብታ አገር አቋራጭ ትሮጣለች። እኔ ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። የማነሳት ሁሉ ወይ ጀርባዋ ነው ወይ ብዥ ያለ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እትዬ፣ እርስዎ ያሉበት ቦታ ባለባጆቹም የሚመኙት ነው። አገር አቋራጭ በመናፈሻና በጎልፍ ሜዳ ላይ ነው የሚሮጠው፤ ፈቃድ ሳይጠየቁ ከገመዱ ውጪ ሆነው ልጅዎ በክንድ ርቀት ታልፋለች። ውድድሩ የሚካሄደው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በቀን ስለሆነ ብርሃኑም በቂ ነው።

ቀደም ብለው ይሂዱና የመሮጫውን ካርታ ይመልከቱ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ወይም መታጠፊያው ጋ ይቁሙ፤ እዚያ ሯጮቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ፊታቸውም ወደ እርስዎ ነው። ፀሐይዋን ከጀርባዎ ያድርጓት። ስልኩን በጣት እያሰፉ ዙም አያድርጉ፤ ምስሉን ያበላሸዋል። ከዚያ ይልቅ ዝቅ ብለው ልጅዎ የምታልፍበትን ሣር ስክሪኑ ላይ ተጭነው ይያዙ፣ ፎከሱ እዚያ ይቆለፋል። ልትደርስ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲቀራት በተከታታይ ማንሳት ይጀምሩ። ካለፈች በኋላ አቋርጠው ወደ ሌላ መታጠፊያ ይሂዱ፤ በአንድ ውድድር ሦስት ጊዜ ሊያገኟት ይችላሉ። የመሮጫውን መስመር ግን አይርገጡ።

ፎቶዎቹን በደንብ ያስቀምጡ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በ2019 በ1500 ሜትር የኤንሲኤኤ ሻምፒዮን ሲሆን የኖተር ዳም ተማሪ ነበር፤ በ2024 ፓሪስ ላይ በዚያው ርቀት የኦሊምፒክ ነሐስ አገኘ። የእርስዎም ልጅ የትም ትድረስ የት፣ እነዚህ ዓመታት ፎቶ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። ለተማሪ ጋዜጣ በነፃ ፎቶ አነሳለሁ። አሁን ተጫዋቾች ራሳቸው እየከፈሉኝ እንዳነሳቸው እየጠየቁኝ ነው። መቀበል እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም፣ እንደዚያ በቀጥታ አትቀበል። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ለማስታወቂያና ለኢንስታግራም ጥሩ ፎቶ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ፈቃድ ላለው ፎቶ አንሺ መልካም ሥራ ነው። አንተ ግን ያለ ሥራ ፈቃድ በግልህ ተከፍሎህ ካነሳህ ቪዛህን አደጋ ላይ ትጥላለህ። 50 ዶላር በስልክ ተላከልህ፣ በእጅ ተሰጠህ፣ ያው ነው።

የሚቻል መንገድ አለ። ኤፍ-1 ያለው ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ግቢ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል። የአትሌቲክስ ክፍሎች ደግሞ ተማሪ ፎቶ አንሺዎችን በሰዓት ሂሳብ ይቀጥራሉ። ስለዚህ ሄደህ እዚያው ቢሮ ሥራ ጠይቅ፤ ልጆቹ እንደሚፈልጉህ ራሱ ማስረጃህ ነው። ከመፈረምህ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያለውን አማካሪህን አናግር፤ ትምህርትህ ከፎቶ ወይም ከጋዜጠኝነት ጋር የሚገናኝ ከሆነ ከግቢ ውጪ ለመሥራት ስለሚያስችሉት፣ ሲፒቲ እና ኦፒቲ ስለሚባሉት ፈቃዶችም እሱ ይነግርሃል።

ተቀጥረህ የምታነሳው ፎቶ ባለቤትነቱ አብዛኛውን ጊዜ የኮሌጁ ነው። ለጋዜጣው ያነሳኸው ደግሞ እንደ ስምምነታችሁ ነው። ባጁን ስትቀበል የምትፈርመው ወረቀት ላይም ፎቶውን ለንግድ መሸጥ ብዙ ጊዜ ይከለከላል። ስለዚህ ሁለቱንም ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብብ፤ ፎቶዎቹን ለሥራ ማመልከቻ ማሳየት እንደምትችልም በጽሑፍ ይስጡህ።