በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ የ62 ዓመት ሴት ነኝ። እኔም ታናሽ እኅቴም ስኳርና ደም ግፊት አለብን። እሷ ለስኳሩ ሜትፎርሚን በቀን 2,000 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ የእኔን ሐኪሙ ወደ 1,000 አወረደው። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ለእሷ ሲስማማ እኔን አስሎኝ ተቀየረልኝ። የአንድ እናት ልጆች ሆነን ይህ ልዩነት ከየት መጣ?

መልስ፦ ከኩላሊትዎ ሳይሆን አይቀርም። ሜትፎርሚን ጉበት ውስጥ አይፈርስም፤ እንዳለ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው የስኳሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ኩላሊት የማጣራት አቅሙ ጭምር ነው። አቅሙ (በደቂቃ የሚያጣራው በሚሊሊትር ሲለካ) ከ45 በታች ሲወርድ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ይቀነሳል፤ ከ30 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.2 አይቶ «ደህና ነኝ» በማለት ነው። 1.2 ለ25 ዓመት ወንድ ወደ 86 የሚጠጋ የማጣራት አቅም ማለት ነው፤ ለ80 ዓመት ሴት ግን ያው 1.2 ወደ 46 ይወርዳል። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ «የማጣራት አቅሜ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁና ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉት።

ሳሉም ምክንያት አለው። ኢናላፕሪል ብራዲካይኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ እሱ ሲከማች አንዳንዱን ሰው፣ በተለይ ሴቶችን፣ አክታ የሌለው ደረቅ ሳል ይይዘዋል። የሳል ሽሮፕ አይረዳም። መድኃኒቱ ሲቀየር ግን ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል። የእኅትዎን ክኒን መዋስ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ ሐኪም ቤት ስለካ ግፊቴ 150/95 ነው፤ ቤቴ ስለካው 125/80። መድኃኒት ጀምር ተብያለሁ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ የሚጨምር ሰው ጥቂት አይደለም። መጀመሪያ ግን የቤቱ ልኬት ይጣራ።

ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራም ሆነ ስፖርት አይኑር። ሽንት ቤት ደርሰው ይምጡ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ይረፍ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉትና የቀሩትን 6 ቀናት አማካይ ያውጡ። 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሐኪም ቤቱ ልኬት አልዋሸም።

ክንድ ላይ የሚታሰረውንም ይመርምሩ። ከክንድዎ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ፣ ከሰፋ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ልኩ በሴንቲሜትር ራሱ ላይ ተጽፏል፤ የክንድዎን ዙሪያ በሜትር ለክተው ያስተያዩ። መሣሪያውንም ይዘው ሄደው ከሐኪም ቤቱ ጋር ጎን ለጎን ያስለኩ። የሚያስደስተውን ቁጥር ብቻ መርጦ መጻፍ ግን ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። አማካዩ ዝቅ ካለም ወረቀቱን ለሐኪሙ ያሳዩ፤ ውሳኔው ከልብዎና ከኩላሊትዎ ሁኔታ ጋር ተያይቶ የሚሰጥ ነው።

ጥያቄ፦ በምራቅ የሚሠራ የዘረመል ምርመራ የሚስማማኝን መድኃኒት ሁሉ ይነግረኛል ይባላል። ልመርመር?

መልስ፦ ሁሉንም አይነግርዎትም። በእርግጥ የሚጠቅምባቸው መድኃኒቶች አሉ፦ ለኤችአይቪ የሚሰጠው አባካቪር ከባድ አለርጂ ያስነሳ እንደሆነ አስቀድሞ ለማወቅ፣ የሕመም ማስታገሻው ኮዴይን በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጥበትን ፍጥነት ለመገመት፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ክሎፒዶግሬል ይሠራ እንደሆነ ለመለየት። እነዚህ ካልታዘዙልዎት አያስቸኩልም።

ከዚያ በፊት በነፃ የሚሠራ ምርመራ አለ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ቅጠላ ቅጠሉንና ያለ ማዘዣ የገዙትን ጭምር፣ በአንድ ከረጢት አድርገው ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ያሳዩ። ለጉልበት ሕመም አልፎ አልፎ የሚዋጠው አይቡፕሮፌን ካርድ ላይ አይጻፍም፤ ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያሸና ክኒን ጋር ሲገናኝ ግን ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ይህን የትኛውም የምራቅ ምርመራ አያሳይም።