የማትወዱትን ሰው ስለመታላችሁ ብቻ ፖለቲከኛን አትደግፉ

ውጭ በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሞ ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። ስለ አገር ቤት ሲወራ ለነጻ ፍርድ ቤትና ለነጻ ፕሬስ አጥብቆ የሚሟገት ወገኔ፣ በሚኖርበት አገር "ጠንካራ ሰው ያስፈልገናል" ባዩን ፖለቲከኛ ሲደግፍ አገኘዋለሁ። ምክንያት አያጣም። ሰውየው ስለ ሃይማኖት የተናገረውን ወዶለታል፣ ወይም በአገራችን ጉዳይ ከእሱ ወገን የቆመ መስሎታል።

ሊበራሊዝም ሲባል ብዙዎቻችን ልቅነት ይመስለናል። እኔ የምለው ምርጫ ያሸነፈም መንግሥት ገደብ ይኑረው ነው። የተሸነፈው አይታሰር። ዳኛው ከላይ ስልክ አይደወልለት። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ሰው መብቱ በብዙኃኑ ስሜት አይወሰን። በሰው አገር ስንኖር ደግሞ ቁጥራችን ትንሽ ነው። ፖፑሊስቱ፣ ማለትም የሕዝቡ ድምፅ እኔ ብቻ ነኝ የሚለው ፖለቲከኛ፣ "እውነተኛው ሕዝብ" ሲል እኛን ቆጥሮ እንዳልሆነ አትርሱ። ዛሬ ቢያሞግሰንም ነገ የሚጠቁመው ጣት ወደኛ መዞሩ አይቀርም።

ነጻነት በታንክ ብቻ አይጠፋም። ሃንጋሪን ተመልከቱ። የቪክቶር ኦርባን ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ከግማሽ ጥቂት ብቻ በበለጠ ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን የፓርላማ ወንበር ያዘ። ከዚያ ሁሉም ነገር በሕግ ተሠራ። አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። የዳኞች ጡረታ ከ70 ወደ 62 ዓመት ወረደ፤ ብዙ ነባር ዳኞች በአንዴ ከወንበራቸው ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከውጭ ገንዘብ የሚቀበሉ ማኅበራት ተለይተው እንዲመዘገቡ ተደረገ።

ይሄ የመጨረሻው ለኛ እንግዳ ነው? በ2001 ዓ.ም. አገራችን የወጣውን አዋጅ ቁጥር 621 አስታውሱ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማራ ከለከለ። በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ ስንቱን ማኅበር አሽመደመደ! ስለዚህ ፖለቲከኛው ፍርድ ቤትን፣ ጋዜጠኛን፣ ምርጫ አስፈጻሚን ማጥቃት ሲጀምር ቀድመን የምንነቃው እኛ መሆን ነበረብን። የት እንደሚያደርስ አይተነዋል። መመዘኛችሁ አንድ ይሁን፦ እዚያ የምትቃወሙትን እዚህ አትደግፉ። እዚህ ሲደረግ የሚያስቆጣችሁንም፣ የእናንተ ወገን አገር ቤት ሲያደርገው ዝም አትበሉ። ይሄኛው ይከብዳል፤ ከዘመድ ያጣላል። ቢሆንም በሉት።

ፖፑሊስቱን የመረጠ ጎረቤታችሁን ግን አትናቁት። የቤት ኪራይ አቅቶት፣ ሐኪም ለማግኘት ወራት ጠብቆ፣ የሚሰማው አጥቶ ሊሆን ይችላል። ብሶቱ እውነት ነው፤ የተሸጠለት መድኃኒት ነው የሐሰት። ዘረኛ ብላችሁ ከዘጋችሁበት የሚያናግረው ያው ፖፑሊስቱ ብቻ ይሆናል።

ደግሞ "ድሮም ምንም አይለወጥም" አትበሉ። ፖላንድ ውስጥ ለስምንት ዓመት ፍርድ ቤቱን ሲጫን የነበረው መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በምርጫ ተሸንፏል። ያን ቀን ከመራጩ 74 በመቶ ያህሉ ወጥቶ ነበር። የተበላሸውን መጠገኑ ግን አድካሚ ሆኗል፤ ፕሬዚዳንቱ ከቀድሞው ወገን ስለነበሩ ማሻሻያዎቹን ይገቱ ነበር። ከመፍረሱ በፊት መከላከል ይቀላል የምለው ለዚህ ነው።

ዜግነት የወሰዳችሁ ተመዝገቡና ምረጡ፤ የከተማ ምክር ቤትና የትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫም ሳይቀር። ያልወሰዳችሁም መምረጥ ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ለምሳሌ ስዊድንና ኖርዌይ ሦስት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። ዜግነት ለመውሰድ የምታመነቱበት ምክንያት ይገባኛል። ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ቢያስገባም አገር ቤት አያስመርጥም። ከባድ ውሳኔ ነው፤ ከቤተሰባችሁ ጋር ምከሩበት። ስትመክሩ ግን ልጆቻችሁ የሚያድጉበትን አገር ሕግ ማን እንደሚያወጣውም አብራችሁ አስቡ።