መልስ፦ ድባቴው ካለመንቀሳቀስ የመጣ ነው ወይ?

ውድ ጠያቂ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነው ወንድምዎ ከክፍል መልስ ከዶርም አልጋው እንደማይነሣና ፊቱም እንደጠቆረ ገልጸው፣ ድባቴው ካለመንቀሳቀስ የመጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። ነገሩ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ አለመንቀሳቀስ ለድባቴ የመጋለጥን ዕድል ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ድባቴም በበኩሉ ሰውን ጉልበትና ፍላጎት ነሥቶ አልጋ ላይ ያውለዋል። ስለዚህ «ሰነፍ» ብሎ መውቀስ (ቤተሰብ ይህን ማለት ይቀናዋል) ያባብሰዋል እንጂ አይጠቅመውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ወንድምዎ ግን ከዚህ ቁጥር መጀመር የለበትም። ከምሳ በኋላ ከካፌ ወደ ላይብረሪ በረጅሙ መንገድ ዞሮ መሄድ፣ ወይም ስልኩን ትራስ ሥር ትቶ ግቢውን አንዴ መዞር ለመነሻ ይበቃል። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ፍላጎቱ እስኪመጣ ከጠበቀ ስለማይነሣ፣ የዶርም ጓደኛው በተወሰነ ሰዓት እየጠራ ይዞት ቢወጣ ይሻላል። ሆኖም የስሜቱ መክፋት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎቱ መዛባት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ እንቅስቃሴውን ሳያቋርጥ ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ይሂድ፤ ስለ ሞት የሚያወራ ከሆነ ግን ለብቻው ሳይተዉት ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት።